ፋይሎችም ማኅደር ይሻሉ

የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ሁለት ሳምንት የቀረው አንድ ተማሪ በአንድ ወቅት ወደ ቢሯችን መጣ። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከፊሉን ጂ.ፒ.ኤስ. ይዞ ለቀናት በእግሩ ዞሯል፤ በየነጥቡም የአፈሩን ዓይነትና የውኃውን ጥልቀት መዝግቧል። ሥራውን ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ፍላሽ ዲስክ ሲገለብጥ ግን ተመሳሳይ ስም ካላቸው አምስት ፋይሎች መካከል «ካርታው ይኸኛው ነው» ብሎ አንዱን ብቻ ወሰደ። ኮምፒዩተሩም በማግስቱ ፎርማት ተደረገ።

ከዚያች አንዲት ፋይል ምን ማዳን ይቻላል? ምንስ አይቻልም? በዚህ ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ መነሻ አድርገን፣ ተዛማጅ የሆኑ የመረጃ ፋይሎች እንዴት ተደራጅተውና ታሽገው መቀመጥ እንደሚገባቸው እንመለከታለን።

አንድ ካርታ፣ አምስት ፋይል

ተማሪው የተጠቀመበት የፋይል ዓይነት ሼፕፋይል ይባላል። ኢዝሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቀረጸው ሲሆን፣ ዝርዝር አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። ስሙ አንድ ፋይል ያስመስለው እንጂ በእውነቱ የጥቂት ፋይሎች ማኅበር ነው። አባላቱ በስማቸው መጨረሻ ባለው ቅጥያ ይለያሉ።

የመጀመሪያው ኤስኤችፒ የሚል ቅጥያ ያለው ሲሆን የነጥቦቹን፣ የመስመሮቹንና የክልሎቹን ቅርጽ በቁጥር ይይዛል። ሁለተኛው ኤስኤችኤክስ ማውጫ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርጽ በመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ከየት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም በ8 ባይት ይገልጻል። ሦስተኛው ዲቢኤፍ ሠንጠረዥ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ቅርጽ የተሰበሰበው መረጃ ሁሉ የሚገኘው በዚህ ውስጥ ነው። አራተኛው ፒአርጄ ቁጥሮቹ በየትኛው የመገኛ ሥርዓት እንደተለኩ ይናገራል። አምስተኛው ሲፒጂ ደግሞ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ ያስታውቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የግድ አስፈላጊ ናቸው። ሁለቱ የኋለኞቹ ቢጎድሉ ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ሳያማርር ካርታውን ይከፍታል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ያላማረረ ሁሉ ጤነኛ ይመስላልና።

የሚመለስና የማይመለስ

ከአምስቱ አንዱ ብቻ ሲቀር ምን ይሆናል? ማውጫው ቢጠፋ ችግሩ ቀላል ነው። በኤስኤችፒ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱን ርዝመት ከፊቱ ጽፎ ስለሚይዝ፣ ኮምፒዩተር ከመጀመሪያው አንሥቶ እየቆጠረ ማውጫውን እንደገና መሥራት ይችላል። የጠፋው ነገር ከተረፈው ሊሰላ የሚችል ነበርና አልጠፋም ማለት ይቻላል።

የመገኛ ሥርዓቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በአገራችን 1 ለ50,000 በሆነ መስፈርት የታተሙት ነባር የመልክዓ ምድር ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ጂ.ፒ.ኤስ. ግን በራሱ የሚሠራው ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ሥርዓት ነው። በሐዋሳ አካባቢ የአንድ ቦታ ቁጥሮች በሁለቱ ሥርዓቶች ሲጻፉ ወደ ሰሜን በ200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በ90 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ስለዚህ ሥርዓቱ ያልተነገረለት የሐይቅ ዳርቻ በካርታ ላይ ሲቀመጥ አሞራ ገደል የሚገኘው የዓሣ ገበያ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሊታይ ይችላል። ይህንን ስሕተት ለማረም አንድ የታወቀ ሥፍራ ፈልጎ ማመሳከር ያስፈልጋል። ይቻላል፤ ነገር ግን የሰው ዕውቀት ይጠይቃል።

ሠንጠረዡ ግን ከጠፋ ጠፋ። በአንድ ነጥብ ላይ የነበረው አፈር ሸክላ ይሁን አሸዋ ከነጥቡ ቁጥሮች ተነሥቶ ሊያሰላ የሚችል ኮምፒዩተር የለም። ተማሪያችንን ያዳነው የመስክ ደብተሩ ነበር። ነጥቦቹን በተራ ቁጥር ጽፎ ስለነበር አምስት ቀን ተቀምጦ ሠንጠረዡን እንደገና ሞላው። ዝናብ ያራሳቸው ገጾች ላይ የነበሩት ነጥቦች ግን ባዶ ቀሩ።

ከዚህ አንድ መመሪያ እናገኛለን። መረጃን ስናሽግ አስቀድመን ልንጨነቅለት የሚገባን ፋይሉ ትልቅ ወይም ትንሽ ስለመሆኑ ሳይሆን ከሌሎቹ ተነሥቶ ሊሰላ የማይችል ስለመሆኑ ነው። የፒአርጄ ፋይል ጥቂት መቶ ፊደላት ብቻ ቢኖሩትም የጠቅላላው ካርታ ሥፍራ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

ድምፅ የሌለው ስሕተት

ከመጥፋት የከፋም አለ። በኤስኤችፒና በዲቢኤፍ መካከል ያለው ግንኙነት ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ አሥረኛው ቅርጽ የአሥረኛው ረድፍ ባለቤት ነው። የሐዋሳ ክፍለ ከተሞች ካርታ አለን እንበል። አንድ ሰው ሠንጠረዡን ብቻ በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ስሞቹን በፊደል ተራ አሰልፎ መልሶ ቢያስቀምጠው የሐይቅ ዳር ሕዝብ ብዛት ለታቦር፣ የታቦርም ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ካርታው ግን ያለ እንከን ይከፈታል። ቀለሙም ያማረ ይሆናል። መልእክቱ ብቻ ሐሰት ነው።

የፊደላችንም ጉዳይ እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ ያገኘ ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኮድ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የዲቢኤፍ ሠንጠረዥ የዓምድ ስም ደግሞ ከ10 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ በአማርኛ ልንሰጠው የምንችለው ስም ከሦስት ፊደል አያልፍም፤ «ሐይቅ» ይገባል፤ «ጥልቀት» አይገባም። የሲፒጂ ፋይሉ ሲጎድልም የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም ወደሌላቸው ምልክቶች ሊለወጥ ይችላል። በተጨማሪም «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» ለእኛ አንድ ከተማ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሦስት ከተሞች ናቸው። በመሆኑም አንዱን አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ፋይሎች ውስጥ መጽናት ይገባል።

የሐይቁ ከፍታና የዘመን አቆጣጠራችን

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃና ዝናቡ ያስገቡለታል፤ ትነት ይወስድበታል። ከፍታው ከፍና ዝቅ የሚልበትን ምክንያት ለመረዳት የውኃውን ከፍታ መዝገብ ከዝናብ መዝገብ ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

እንግዲህ አንዱ ፋይል በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ የዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ሆኖ ይህንን የሚገልጽ ማስታወሻ ባይኖር ምን ይከተላል? የ2000 ዓ.ም. የውኃ ከፍታ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ከጣለ ዝናብ ጋር ይጣመራል። «3፡00» የሚለውም ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ይሁን ከሌሊቱ በውጭው አቆጣጠር አይታወቅም። ከዚህም ሌላ የውኃው ከፍታ የሚነበበው ከመለኪያው ዜሮ ተነሥቶ ነው። መለኪያው ተነቅሎ በሌላ ሥፍራ ከተተከለና ይህ ካልተጻፈ ሐይቁ በአንድ ሌሊት የሞላ ወይም የጎደለ ይመስላል። አንድ የላቦራቶሪ ሙከራ ቢበላሽ ይደገማል፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የነበረውን የሐይቅ ከፍታ ግን ተመልሶ ሊለካ የሚችል የለም።

እንዴት እናሰናዳ?

በመጀመሪያ ለአንድ ሥራ አንድ ፎልደር ይኑር፤ በውስጡም ጥሬው መረጃ፣ የተሠራበት መረጃና ፕሮግራሙ በየክፍላቸው ይቀመጡ። ጥሬው መረጃ ፈጽሞ አይነካ።

ሁለተኛ፣ በፋይል ስም ላይ ቀን ሲጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ ይሁን። ያን ጊዜ የፊደል ተራና የጊዜ ተራ አንድ ይሆናሉ።

ሦስተኛ፣ «አንብበኝ» የሚል አጭር የጽሑፍ ፋይል ይዘጋጅ። ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው የመገኛ ሥርዓትና በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደለካ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነና መስፈርያው ምን እንደሆነ ይገለጽበት።

አራተኛ፣ ሶፍትዌሩ ፋይሎቹን የሚፈልግበት አድራሻ አንጻራዊ ይሁን። «ዲ በተባለው ዲስክ ውስጥ» የሚል አድራሻ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከንቱ ነው። «ከእኔ አጠገብ ባለው ፎልደር» የሚለው ግን ሁለቱ ጎረቤታሞች አብረው እስከተጓዙ ድረስ አይስትም።

አምስተኛ፣ ሁሉም በአንድነት ይታሸግ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የዚፕ አሠራር ብዙ ፋይሎችን በአንድ ከመጠቅለሉም በላይ ለእያንዳንዱ የ32 ቢት ማረጋገጫ ቁጥር ያያይዛል፤ በመንገድ ላይ የተበላሸ ካለ ሲፈታ ይታወቃል። ዶክኤክስ የሚል ቅጥያ ያለው የዎርድ ሰነድ ራሱ የዚፕ ጥቅል መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ለካርታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ጂኦፓኬጅ ቅርጹን፣ ሠንጠረዡንና የመገኛ ሥርዓቱን በአንድ ፋይል ውስጥ ይይዛል። የጥቅሉ ሁለት ቅጂ በተለያየ ሥፍራ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ፈተናው ቀላል ነው። ጥቅሉን ለአንድ ጓደኛ ስጡት፤ አንድም ቃል ሳትነግሩት በሌላ ኮምፒዩተር ይክፈተው። የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ሁሉ በጥቅሉ ውስጥ የጎደለውን ያመለክታችኋል።

አባቶቻችን የብራናውን መጽሐፍ ከጻፉና ከደጎሱ በኋላ የቆዳ ማኅደር ሰፍተው፣ ማንገቻ አበጅተው ይሰቅሉት ነበር። ማኅደሩ ባይነበብም መጽሐፉ ቅጠሉ ሳይበታተን ለእኛ እንዲደርስ ረድቷል። የእኛም ፋይሎች ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ እንዲደርሱ ማኅደራቸውን ዛሬ እንስፋላቸው።