የጋራ ማጣሪያው ባለቤት ማን ነው? በሞጁሎች በተዋቀረ ሰርቨር ላይ የድር ጥያቄዎችን ስለ ማጣራት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ የሰርቨር ሶፍትዌር በብዙ ሞጁሎች ተከፋፍሎ ሲሠራ፣ ወደ ሁሉም የሚገቡትን የድር ጥያቄዎች የሚፈትሸው የጋራ ማጣሪያ የት ይቀመጣል? ምሳሌዬን ኦኤስጂአይ ከተባለው የጃቫ የሞጁል ሥርዓት እወስዳለሁ፤ ችግሩ እዚያ ፍጥጥ ብሎ ይታያልና።

በጃቫ የድር ጥያቄን ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው የፕሮግራም ክፍል ሰርቭሌት ይባላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰርቭሌት ደንብ 2.3ኛ እትም ፊልተርን ጨመረ፤ እኔ ማጣሪያ እለዋለሁ። ማጣሪያው ከሰርቭሌቱ ፊት ይቆማል፤ ጥያቄውን ይመረምራል፤ ከፈቀደ በሰንሰለቱ ላይ ለሚቀጥለው ያሳልፈዋል፤ ካልፈቀደ እዚያው ይመልሰዋል። የተጠቃሚን ማንነት ማረጋገጥን የመሰለ ሥራ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለብዙ ሰርቭሌቶች ያገለግላል። ሶፍትዌሩ አንድ ወጥ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ማጣሪያውም ሰርቭሌቶቹም አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይቆማሉ።

በኦኤስጂአይ ግን እያንዳንዱ ሞጁል፣ በሥርዓቱ አጠራር ባንድል፣ የራሱ ክላስ ሎደር አለው፤ ሰርቨሩ ሳይቆምም ለብቻው ሊጫን፣ ሊነሣና ሊቆም ይችላል። ከክላስ ሎደሩ የሚመጣው ችግር የታወቀ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። የአንድ ክላስ ማንነት የሚወሰነው በስሙ ብቻ ሳይሆን በጫነው ክላስ ሎደርም ነው። ሁለት ባንድሎች የማጣሪያውን ኮድ ቅጂ በየሆዳቸው ይዘው ቢመጡ፣ በስም አንድ የሆኑት ክላሶች ለጃቫ ማሽን ባዕዳን ናቸው። መድኃኒቱ የጋራውን ፓኬጅ አንድ ባንድል ብቻ ኤክስፖርት እንዲያደርገው፣ ሌሎቹ ኢምፖርት እንዲያደርጉት ነው።

የከበደው ሌላው ነው። የኦኤስጂአይ የመጀመሪያው የኤችቲቲፒ አገልግሎት ደንብ ሰርቭሌትን እንጂ ማጣሪያን አያውቅም ነበር፤ የክፍተቱን መፍትሔ እያንዳንዱ አምራች በየራሱ መንገድ አበጀ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤችቲቲፒ ኋይትቦርድ ደንብ ለሁሉም አንድ መንገድ ሰጠ። ባንድሉ ማጣሪያውን በአገልግሎቶች መዝገብ ላይ ያስመዘግባል፤ የትኛውን አድራሻና የትኛውን ኮንቴክስት እንደሚመለከት በንብረቶቹ ይገልጻል፤ የቀረውን ሰርቨሩ ራሱ ያገናኛል። ኮንቴክስት የተባለው ሰርቭሌቶች በአንድነት የሚኖሩበት ግቢ ነው። ኮንቴክስት ካልተመረጠለት ማጣሪያው የሚጠብቀው ነባሪውን ግቢ ብቻ ነው። «ለሁሉም» ብለን የጻፍነው ማጣሪያ ሌሎቹን ግቢዎች ሳያይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉንም የሚወስነው የአገልግሎቱ ደረጃ ቁጥር ነው፤ ከፍተኛው ይቀድማል። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ቀድሞ የተመዘገበው ይቀድማል፤ ያን ጊዜ የሰንሰለቱ ቅደም ተከተል ባንድሎቹ በተነሡበት ተራ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይጽፉ መተውን አልመክርም።

እስቲ የአንድ ዩኒቨርሲቲን ሰርቨር እናስብ። ምዝገባ፣ ውጤትና ቤተ መጻሕፍት ሦስት ባንድሎች ናቸው፤ ማንነት አረጋጋጩ ማጣሪያ በአራተኛ ባንድል ውስጥ አለ። አራተኛው ሊታደስ ለጥቂት ሰከንዶች ቢቆም ማጣሪያው ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ ሰንሰለቱ በአንድ ቀለበት ያጥራል፤ የውጤት ገጹ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ስሕተት የሚባል መልእክት አይወጣም። ዘበኛው ሄዷል፤ በሩ ክፍት ነው። ሰርቨሩ ሲነሣ ውጤት ባንድል ከአራተኛው ቢቀድምም ያው ነው።

በእኔ አስተያየት ዘበኛውን ከግቢው ጋር ማሰር ይገባል። ደንቡ ለዚህ ሰርቭሌት ኮንቴክስት ሄልፐር የተባለ አገልግሎት አለው። ሃንድል ሴኩሪቲ የተሰኘው ዘዴው ከማጣሪያዎች ሁሉ በፊት ይጠራል፤ «አይሆንም» ካለ ጥያቄው አያልፍም። ይህን አገልግሎት አራተኛው ባንድል ያስመዝግብ፤ ሦስቱም ሰርቭሌቶቻቸውን በዚያው ኮንቴክስት ስም ያስገቡ። አራተኛው ሲቆም ግቢው ራሱ ይጠፋል፤ ጠያቂውም የውጤት ገጹን አያገኝም። አገልግሎት ይቋረጣል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የተማሪ ውጤት ለማንም ከሚታይ ለአፍታ ባይታይ እመርጣለሁ። የጥያቄ መዝገብ መያዝን፣ መልስን ማመቅን የመሳሰሉት ግን ተራ ማጣሪያ ሆነው ይቀጥሉ፤ ለጊዜው ቢጎድሉ ጉዳታቸው ቀላል ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ኮንቴክስቱን «ዲፎልት» ብለን ብንሰይመው የነባሪውን ቦታ በደረጃ ቁጥሩ ይወስዳል፤ ባንድሉ ሲቆም ግን ነባሪው ዘበኛ ሳይኖረው ይመለሳል፤ ሰርቭሌቶቹም ወደ እርሱ ይገባሉ። ስለዚህ የተለየ ስም ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ይህን መፈተን ቀላል ነው፦ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ አራተኛውን ባንድል አቁሙ፤ ከዚያም ሳትገቡ የውጤት ገጹን ጠይቁ።