የልጅ ምግብ ሰዓቱና ዓይነቱ

ሆድ ሞላ ማለት ሰውነት ተመገበ ማለት አይደለም። አንድ ሕፃን ብስኩት በልቶ፣ ጣፋጭ መጠጥ ጠጥቶ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም ማለቱ ግን አጥንቱ፣ ደሙና አእምሮው የሚያድጉበትን ምግብ አገኘ ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለእናቶችና ለቤተ ሰብ ሁሉ የምናስረዳው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ልጅ በቀን ስንት ጊዜ መብላት እንደሚገባውና፣ ተገዝቶ ቶሎ የሚበላው ምግብ የቤቱን ምግብ ሊተካ የማይችልበት ምክንያት ነው።

ዱርቤቴ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የእህል አገር መሆናቸው የታወቀ ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ባቄላውና ድንቹ ከዚሁ መሬት ይገኛል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ታወቀው፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት 100 ልጆች 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያጠረ ነበር። ለአገሪቱ በሙሉ የተገኘው ቁጥር 38 ነው። ይህ መቀንጨር ይባላል። የቀነጨረ ልጅ ጉዳቱ በቁመት ማጠሩ ብቻ አይደለም፤ በሽታ ቶሎ ያጠቃዋል፤ ትምህርትም ይከብደዋል። ከጽንስ ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ድረስ የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጎተራው ሞልቶ ልጁ ከቀነጨረ፣ ምክንያቱን በእህል ማነስ ብቻ ሳይሆን በንጽሕናና በአመጋገብ ልማዳችን ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

ሀ. የልጅ ሆድ ትንሽ ነው

ትልቅ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢበላ ሥራውን ይሠራል። የአንድ ዓመት ሕፃን ሆድ ግን ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ቶሎ ቶሎ ሊሰጠው ያስፈልጋል።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይቋረጥ፣ ምግብ እንደሚከተለው ይጨመርለት።

ከ6 እስከ 8 ወር፦ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ገንፎ።
ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት፦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመካከሉም 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ።

ገንፎው ከማንኪያ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ አይሁን። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ ብዙ ጉልበት አይሰጥም።

ሰዓቱም ጠዋት በ1፣ ረፋዱ ላይ በ4፣ ቀን በ7፣ በ10 እና ማታ በ1 ሰዓት ቢሆን መልካም ነው። በቤት ሰዓት ከሌለ፣ ከብት ሲሰማራ፣ ለአራሹ ምሳ ሲወሰድ፣ ከብት ሲገባ እያሉ ምልክት መያዝ ይቻላል። ትምህርት ቤት የሚሄደውም ልጅ ባዶ ሆዱን አይውጣ። ቁርስ ያልበላ ልጅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ቢሆንም ሐሳቡ ምግቡ ላይ ነውና።

ለ. በጾም ወራት

በዓቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት ብዙ ቤተ ሰብ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይቆያል። ጾምን የሚነቅፍ ቃል የለንም። ችግሩ እናቲቱ ስትጾም ምድጃውም አብሯት ሲጾም ነው። እሳት ሳይነድ ሲውል ሕፃኑም ሳይበላ ይውላል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አያስገድድም።

የጾሙ ዕቃ እንዳይነካ በማለት ሕፃኑን ወተትና እንቁላል የሚያስቀሩበት ቤቶችም አሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ የራሱን ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ነፍሰ ጡር እናት በቀን 1 ጊዜ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ 2 ጊዜ ከወትሮው ጨምራ መብላት ስለሚያስፈልጋት፣ ስለ ጾሙ ከነፍስ አባቷና ከጤና ሠራተኛ ጋር ትመካከር።

ሐ. ከገበያ የሚመጣው ምግብ

በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ በነበረበት ዘመን፣ የቤት ንጽሕና ትምህርት ስለ ውሃ፣ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ዝንብ ነበር። ይህ ትምህርት ዛሬም ያስፈልጋል። አሁን ግን ሌላ የሚጨመርበት አለ። በአውራው መንገድ እህል ጭኖ የሄደው መኪና ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ መጠጥና ኢንዶሚ ጭኖ ይመለሳል። በገበያውም ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ ይሸጣል።

300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ በውስጡ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ወደ 7 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ይህን የጠጣ ሕፃን ገንፎውን ይጠላል፤ ጥርሱም ይበላሻል። ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ስለሚያደርግ ለሕፃን አይስማማም። እንዲህ ያለው አመጋገብ ልማድ በሆነባቸው ከተሞች ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ተከትለው መጥተዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የቤቱን እንቁላል ሸጦ ለልጅ ብስኩት ይዞ መመለስ ነው። ልጁ ደስ ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን ገንቢውን ምግብ በስኳርና በዱቄት ለወጥንበት። እንቁላል መሸጥ አይከለከልም፤ ለልጁ የሚሆነው ተለይቶ ከተቀመጠ በኋላ የተረፈው ይሸጥ።

መግዛት የግድ ከሆነ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን ተገዝቶ በታጠበ እጅ ተልጦ ይሰጥ። የበሰለ ምግብ ከሆነ ከእሳት የወጣው ትኩሱ ይመረጥ፤ ዝንብ ያረፈበት ይቅር። የታሸገ ከሆነ መያዣው ያልተቀደደ መሆኑ ይታይ፤ የማብቂያው ቀንም ይነበብ። ይህ ቀን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱም ከእኛ በ7 ወይም በ8 ስለሚበልጥ፣ ጊዜው ያለፈበትን ገና ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

መ. የራሳችን ፈጣን ምግብ

«ውሃ ቀድቼ፣ እንጨት ለቅሜ፣ እንጀራ ጋግሬ፣ መቼ ለልጅ ብቻ አበስላለሁ?» የምትል እናት እውነቷን ነው። ይህ ሸክም የእርሷ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ አባወራውም ውሃውንና እንጨቱን ይርዳት። ደግሞም አያቶቻችን ቶሎ የሚደርስ ምግብ ያውቁ ነበር፤ መንገደኛው በሶ የሚይዘው ለዚህ ነው። ለሕፃኑም እንዲሁ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ዱቄት ማዘጋጀት ይቻላል።

3 እጅ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ ወይም ስንዴ፣ 1 እጅ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለየብቻው ይቆላ፤ ጥራጥሬው ተከክቶ ቅርፊቱ ይነፋና ሁሉም ባንድነት ይፈጭ። እህልን ከጥራጥሬ ማደባለቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ሲዘጋጅም የተሠራበት ዘዴ ነው። የሻገተ እህል ግን ታጥቦም ተቆልቶም መርዙ ሁሉ አይለቅምና አይግባበት። ዱቄቱ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ። እናት ገበያ ስትሄድ አያት ወይም ታላቅ እኅት ወዲያው ገንፎ ታደርሳለች። በላዩ እንቁላል፣ ወተት ወይም ተቀቅሎ የላመ ጎመንና ዱባ ሲጨመርበት የተሟላ ይሆናል።

ቆሎና አሹቅ ለትልልቆቹ ልጆች መልካም መክሰስ ነው፤ ትንንሾቹን ግን ሊያንቃቸው ስለሚችል አይሰጣቸው።

ሠ. የዋለ ምግብ

ጠዋት የተሠራ ገንፎ ሳይሞቅ እስከ ማታ ለልጅ ሊሰጥ አይገባም። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ የተቅማጥ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ይሠራ፤ የተረፈውን ትልቅ ሰው ይብላው። ከማብሰልና ከማብላት በፊት እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋ በአመድ ይታጠብ፤ የልጁም እጅ እንዲሁ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። በብስኩት ያተረፍነውን ጊዜ በኋላ የታመመ ልጅ አዝለን ጤና ጣቢያ ደጅ ስንጠብቅ እናጠፋዋለን። ልጃችሁ ክብደቱ በየወሩ እየጨመረ መሆኑን በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመዝኑላችሁ ጠይቁ። ይህንንም ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ እንድታነቡላቸው አደራ እንላለን።