ስለ ማድ ቤት ጢስና ስለ መውጫው

«እውነትና ጢስ መውጫ አያጣም» ይላል የአገር ሰው። ነገሩ እውነት ነው፤ ጢስ በበርም ቢሆን በክዳን ስንጥቅም ቢሆን በመጨረሻ መውጣቱ አይቀርም። ነገር ግን መንገድ ያልተበጀለት ጢስ ከቤት ከመውጣቱ አስቀድሞ በእናት ዓይንና በጀርባዋ በታዘለው ሕፃን ሳምባ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ጢሱ መውጫ እስኪያገኝ ድረስ አይጠብቅም፤ መውጫውን እርሱ ራሱ አስቀድሞ ያዘጋጅለታል።

ጢስ ምን እንደ ሆነ

ደረቅ እንጨት በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ነበልባሉ የጠራ ይሆናል። እንጨቱ ርጥብ ሲሆን ወይም አየር ሲያንሰው ግን ከፊሉ ሳይነድ ይቀርና ጢስ ሆኖ ይነሣል። በጢሱ ውስጥ ያለው ብናኝ እጅግ የደቀቀ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ብናኝ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ ማይክሮሜትር ማለትም አንድ ሚሊሜትር በ1000 ቢከፈል አንዱ ክፍል ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ አንድ ጠጉር ከዚህ ብናኝ 28 ጊዜ ይወፍራል ማለት ነው። እንዲህ የደቀቀውን ነገር አፍንጫ ሊያስቀረው አይችልም፤ እስከ ሳምባ ጥልቅ ይደርሳል። በግርግዳና በጣራ ላይ የሚታየው ጥቀርሻ ለዚህ ምስክር ነው፤ ግርግዳውን ያጠቆረ ጢስ በዚያው ቤት የሚተነፍሰውን ሰው ሳይነካ አያልፍም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ጢስ በሕፃናት ላይ የሳምባ ምችን ያበዛል፤ በአዋቂዎችም ላይ የልብንና የሳምባን ሕመም ያመጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ከምድጃው አጠገብ የማይለዩት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ከሰል ጢሱ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ሰው የማይጎዳ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ከከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ መልክም ሽታም የለውም። ይህ ጋዝ ከደም ጋራ የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን 200 ጊዜ ይበልጣልና፥ ደም ለሰውነት የሚያደርሰውን ኦክሲጅን ይከለክለዋል። በመጀመሪያ ራስ ያማል፥ ያቅለሸልሻል፥ ጉልበት ይከዳል፤ ከዚያም ሰውየው ራሱን ስቶ ይሞታል። ስለዚህ ፍም ያለበትን ምድጃ በተዘጋ ክፍል አስገብቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

ጢስ በምን ኃይል እንደሚወጣ

አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከቀዝቃዛው አየር ይልቅ ይቀላልና ወደ ላይ ይነሣል፤ ጢሱንም ይዞ ይወጣል። ነገር ግን አየር ከቤት ሲወጣ በፋንታው ሌላ አየር መግባት አለበት። መግቢያ ከሌለ መውጫው ብቻውን በሚገባ አይሠራም። ስለዚህ ለማድ ቤት ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀዝቃዛው አየር እንዲገባ ዝቅ ያለ፥ ሁለተኛው ጢሱ እንዲወጣ ከፍ ያለ።

ተማሪ ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ነፋስ በሌለበት ሰዓት፥ እሳት በሚነድበት ቤት በር ላይ ቆሞ፥ በክር የታሰረ ቀላል ላባ ከደፉ አጠገብ ቢያንጠለጥል ላባው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ከበሩ ራስ አጠገብ ቢያንጠለጥለው ግን ወደ ውጭ ያዘነብላል። ቀዝቃዛው አየር በታች ሲገባ ትኩሱ በላይ ይወጣልና።

ስለ ጢስ መውጫ ቱቦ

ከቀዳዳ ይልቅ የሚሻለው ከምድጃው በላይ ሰፊ ቆብ አድርጎ ጢሱን በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ቱቦው ቀጥ ብሎ በቆመና በረዘመ መጠን ስቦ የማውጣት ኃይሉ ይጨምራል። ጫፉ በጣራው ውስጥ ሳይቀር ከክዳኑ በላይ ብቅ ማለት ይገባዋል፤ ነፋስ ጢሱን እንዳይመልሰውም ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል መልካም ነው። የሣር ክዳን ባለበት ቤት ግን የጋለ ቆርቆሮ ከሣሩ ጋራ እንዲገናኝ ማድረግ ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው። በእንዲህ ያለው ቤት ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ለይቶ መሥራት፥ ከግርግዳው በላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ማውጣትና ደረቅ እንጨት ማንደድ ይሻላል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃም እሳቱን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ማገዶው ሲያንስም ጢሱ ያንሳል።

ቱቦ ጢስን ያወጣል እንጂ አያጠፋውም። በታኅሣሥ 1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን ከተማ ከብዙ ጢስ መውጫ የወጣው የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋራ ተቀላቅሎ 5 ቀን በከተማው ላይ ስለ ተኛ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ በ1956ም ስለ አየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። ስለዚህ ጢሱን ማውጣትና ጢሱን ማሳነስ አንድነት ሊሄዱ ይገባል።

ስለ ኤሌትሪክ ማራገቢያ

ኤሌትሪክ በገባበት ስፍራ አየሩን በሞተር ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ይህ መሣሪያ እንፋሎትን፥ የቅባት ብናኝንና ሽታን ያወጣል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ይገኛል፤ ሠራተኛው ቱቦውን እስከ ኮርኒሱ ብቻ አድርሶ በዚያ ይተወዋል። ይህም ቆሻሻን ከቤት ጠርጎ ከአልጋ ሥር እንደ መደበቅ ነው። እንፋሎቱ በኮርኒሱ ላይ ተጠራቅሞ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ቅባቱም በእሳት ጊዜ ማቀጣጠያ ይሆናል። ስለዚህ የቱቦው ጫፍ በግርግዳ ወይም በጣራ አልፎ ፈጽሞ ወደ ውጭ መድረስ አለበት፤ ከመስኮትም ራቅ ይበል፤ ማራገቢያው ሲቆም ነፋስ እንዳይመለስ በራሱ የሚዘጋ ክዳን ይደረግለት።

የቱቦው ስፋትም ትልቅ ነገር ነው። ወርዱ 15 ሳንቲሜትር የሆነውን ቱቦ በ10 ሳንቲሜትር ቢለውጡት ጉዳቱ ጥቂት ይመስላል፤ ሲያሰሉት ግን እንዲህ አይደለም። የክብ ስፋት የሚለካው ወርዱን በራሱ በማብዛት ስለ ሆነ፥ የሁለቱ ንጽጽር 225 ለ100 ይሆናል። ጠባቡ ቱቦ የሰፊውን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ያንኑ አየር ለማሳለፍ ፍጥነቱ ከሁለት እጅ በላይ መሆን አለበት፤ ማራገቢያውም ይጮኻል እንጂ በሚገባ አይስብም። ቱቦው አጭር፥ ለስላሳና ጥምዝምዙ ጥቂት ሲሆን ሥራው ይሠምራል።

ደግሞ ማራገቢያ ሲሠራ መስኮት ጥቂት መከፈት አለበት። ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ማራገቢያው ቢስብ፥ የሚገባ አየር አጥቶ የሌላውን ምድጃ ጢስና የከሰሉን ጋዝ በራሱ መውጫ ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል። ወደ ውጭ ቱቦ ሳይኖረው አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ ወደ ቤት የሚመልሰው መሣሪያም ሽታን ቢቀንስ እንኳ እንፋሎትንና ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም። የቅባት ማጣሪያውን ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና አዘውትሮ ማጠብ ይገባል።

በትምህርት ቤት ለተማሪዎች ምግብ በሚበስልበት ማድ ቤት ይህ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ልጆቹ ጠግበው እንዲማሩ በየቀኑ ከእሳት ፊት የምትቆመው ሴት፥ የእነርሱን ምሳ በራሷ ሳምባ መክፈል አይገባትም። መግቢያና መውጫ መሥራት፥ እንጨትን ማድረቅ፥ ጥቀርሻን መጥረግ፥ ሕፃናትን ከጢስ ማራቅ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ይህን በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ከቤቱ ገብቶ ለእናቱ መስኮት ቢከፍትላት፥ ትምህርቱ ፍሬ አፈራ ይባላል።