የፓስፊክ ሙቀትና የድሬዳዋ ማሽላ

በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች የማሽላው ዕጣ የሚወሰነው በሁለት ዝናቦች ነው። በበልጉ ይዘራል፣ በክረምቱ ያፈራል። የክረምቱን ዝናብ መጠን ከሚወስኑት ምክንያቶች አንዱ ግን ከአካባቢው ሰማይ እጅግ ርቆ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ይገኛል። ኤልኒኞና ላኒና በሚል ስያሜ በየዓመቱ የሚነገረውም ይኸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ወለል ሙቀት ነው። ሞቃት ባሕር በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል፣ እርጥበትም ይሰጠዋል። የሞቀው አየር ቀላል በመሆኑ ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና የያዘው እንፋሎት ደመና ሆኖ ይዘንባል። ይሁንና በአንድ ስፍራ የወጣ አየር በሌላ ስፍራ መውረዱ አይቀርም፤ በሚወርድበት ስፍራ ደመና ለመፈጠር ስለሚቸገር ዝናብ ይቀንሳል።

በመደበኛ ዓመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የፓስፊክን ሞቃት ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ይገፋዋል። ነፋሱ ሲዳከም ሙቀቱ ወደ መካከለኛውና ምሥራቃዊው ፓስፊክ ይዞራል። የወለሉ ሙቀት ከመደበኛው በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ጨምሮ ለተከታታይ ወራት ሲቆይ ኤልኒኞ ተከሰተ ይባላል። በአንጻሩ ከመደበኛው ሲቀዘቅዝ ላኒና ይሆናል። በኤልኒኞ ጊዜ ሽቅብ የሚወጣው አየር ስፍራውን ስለሚለውጥ፣ ለኢትዮጵያ ክረምት እርጥበት የሚያደርሱት ነፋሳት ይዳከማሉ።

የዚህ ውጤት በ2007 ዓ.ም. ክረምት በግልጽ ታይቷል። በብርቱ ኤልኒኞ ሳቢያ የምሥራቅና የሰሜን ኢትዮጵያ ዝናብ ክፉኛ ቀንሶ፣ በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ሆኖም ኤልኒኞ ለሁሉም ወቅትና ለሁሉም አካባቢ አንድ ዓይነት አይደለም። ክረምቱን የሚጎዳው ኤልኒኞ በመጸው ወራት ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ዝናብ ሊጨምር ይችላል፤ በተለይ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ሲሞቅ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱ ተገጣጥመው በሶማሌ ክልል ብርቱ ጎርፍ ደርሷል። ከዚያ ቀደም ለሦስት ዓመታት የዘለቀው ላኒና ደግሞ በቦረናና በሶማሌ ክልል ለአምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ድርቅ ሲያስከትል፣ ላኒና ለክረምት ዝናብ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልካም ነው። ስለዚህ «ኤልኒኞ መጣ» ሲባል ቀዳሚው ጥያቄ «ለየትኛው ወቅት? ለየትኛው አካባቢ?» መሆን ይኖርበታል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው፣ የወቅት ትንበያ ስለ ጠቅላላው የዝናብ መጠን እንጂ ስለ አንድ ሌሊት ዝናብ የማይናገር መሆኑ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ከደጋው የወረደው የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በዚያን ጊዜ ፓስፊክ ወደ ኤልኒኞ እየተሸጋገረ ነበር። ክረምቱ ደካማ ይሆናል መባሉ የወንዝ ዳር ነዋሪን ከጎርፍ ስጋት ነጻ አያደርገውም።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበልግ፣ ከክረምትና ከበጋ በፊት ትንበያውን ይፋ ያደርጋል። ትንበያው የዕድል ሚዛን እንጂ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ የሰፋ ከሆነ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ፈጥኖ የሚደርስ የማሽላ ዘር ከወዲሁ በቀበሌ መጋዘን ማስገባት ይኖርባቸዋል። ዝናቡ ከከሸፈ በኋላ የሚደርስ ዘር ለዚያ ዓመት አይጠቅምም። አርሶ አደሩም ማሳውን በሙሉ ዘግይቶ በሚደርስ ዝርያ ከመሸፈን ከፊሉን ፈጥኖ ለሚደርሰው ቢተው፣ እርከኑን ቢጠግን፣ የወረደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ቢጠልፍና የማሽላ አገዳውን ለከብት መኖ ቢያከማች የጉዳቱ መጠን ይቀንሳል። ይህ ዝግጅት ዝናቡ መልካም ቢሆን እንኳ በከንቱ የሚቀር አይደለም፤ የተጠገነ እርከን አፈሩን ይይዛል፣ የተከማቸ አገዳም የበጋውን ወራት ያሻግራል።