የጉለሌ ዳገት በ1 ለ87 ስኬል

ሞዴል የባቡር ሐዲድ መሥራት በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ አዋቂዎች የሚጠመዱበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የተዘጋጁት ዕቃዎች ውድ በመሆናቸው በአገራችን እምብዛም አልተለመደም። ይሁን እንጂ ጥቂት ኮምፔንሳቶ፣ ካርቶንና ከተበላሸ የሲዲ ማጫወቻ የተፈታ ሞተር ያለው ተማሪ በቤቱ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሊከፍት ይችላል። የሚመረምረውም ጥያቄ ከደጁ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሰሜን በኩል የተዘረጋው እስከ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚያወጣውን ዳገት የጉለሌ ነዋሪ በእግሩ ያውቀዋል። ባቡር ይወጣው ይሆን?

በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው ስኬል 1 ለ87 ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር የሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበረ በዚህ ስኬል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወደ 16.5 ይወርዳል። የቀድሞው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበርና በሞዴል እንሥራው ብንል 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገናል፤ ለአንድ ሳሎን ትንሽ ይበዛል። 1 ኪሎ ሜትር ግን 11.5 ሜትር ብቻ ነው።

ርዝመት 87 ጊዜ ሲያንስ ሁሉም ነገር በዚያው ልክ አያንስም። መጠነ ቁስ የሚከተለው ይዘትን በመሆኑ 87 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 658,503 ጊዜ ያንሳል፤ 80 ቶን የሚመዝነው ሎኮሞቲቭ 121 ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የመሬት ስበት ግን ለሞዴል ብሎ አይቀንስም። ተዳፋትነትም እንዲሁ፦ በ1 ኪሎ ሜትር 50 ሜትር የሚወጣ ዳገት በሞዴሉ በ11.5 ሜትር 57.5 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ጥምርታው ያው ነው።

አሁን ወደ ሙከራው እንለፍ። የሎኮሞቲቩን መንኰራኩሮች እንዳይዞሩ አስረን ሐዲዱን ቀስ በቀስ እናዘንብል። በአግድም 1 ሜትር፣ ወደ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ቢንሸራተት የሰበቃው መጠን 0.25 ነው፤ ደረቅ ብረት በብረት ላይ ሲሆንም ለዚህ የቀረበ ነው። መንኰራኩሮቹ በሙሉ በሞተር የሚነዱ ከሆነ፣ 200 ግራም የሚመዝነው ሎኮሞቲቫችን ሳይንሸራተት ሊስብ የሚችለው ከ50 ግራም ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል ነው። በ1,000 ለ50 ዳገት ላይ ይህ ኃይል 1,000 ግራም ያወጣል፤ የራሱ 200 ሲቀነስ ለፉርጎዎቹ 800 ግራም ይቀራል። በ80 ቶኑ ብናሰላውም ፉርጎዎቹ 320 ቶን፣ ማለትም ያው አራት እጥፍ ይሆናሉ። በስሌቱ ውስጥ መጠነ ቁስ ከሁለቱም ወገን ስለሚጣፋ ትንሹ ባቡር ስለ ትልቁ እውነቱን ይናገራል።

የቀድሞው ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ለገሃር እስኪደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ለ784 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ግን አማካዩ በኪሎ ሜትር 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መሐንዲሶች ዳገትን የሚያለዝቡት በርቀት ነው፤ ጉለሌ ደግሞ ዳገት እንጂ ርቀት የላትም። ስለዚህ ወይ ሐዲዱ መጠማዘዝ፣ ወይ እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ሞተር ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው መንገድ ፉርጎው በገዛ ክብደቱ ሐዲዱን እንዲቆነጥጥ ስለሚያደርግ የተሻለ ይመስለናል።

ሞዴሉ የሚያታልልበትም ቦታ አለ። በገበያ የሚሸጡ አንዳንድ ሎኮሞቲቮች በመንኰራኩራቸው ላይ የጎማ ቀለበት ስላላቸው ከእውነተኛው በላይ ይወጣሉ፤ ለሙከራችን ቀለበቱ ይውለቅ። በተቃራኒው የትንንሽ ዘንጎች ሰበቃ ከክብደታቸው አንጻር ትልቅ ስለሆነ ከስሌቱ ያነሰ ይስባሉ።

በመጨረሻም የጉለሌን ክረምት አንርሳ። ሐዲዱን በውኃ አርጥበን ሙከራውን ብንደግመው ባቡሩ ቀደም ብሎ ሲንሸራተት እናያለን። እውነተኛ ሎኮሞቲቮች በዚህ ጊዜ ከመንኰራኩራቸው ፊት አሸዋ ይረጫሉ። በሞዴሉ ላይ ግን አሸዋ መርጨት አይገባም፤ የሞተሩ ኤሌክትሪክ በሐዲዱና በመንኰራኩሩ በኩል ስለሚያልፍ አሸዋው ባቡሩን ከመንሸራተት ሳያድነው ያቆመዋል።