አደይ ከረገፈ በኋላ

መስከረም ጠብቶ ሜዳው የአደይ አበባ በለበሰ ጊዜ፣ ማለዳ እየተነሣ በእግሩ ሊመላለስ፣ ከሻዩ ስኳር ሊቀንስ፣ ወይም ሌሊቱን በጊዜ ሊተኛ ከልቡ ጋራ ቃል ኪዳን ያልገባ ሰው ከመካከላችን ጥቂት ነው፤ ጥቅምት ተጋምሶ ብርዱ ሲበረታ ግን ያ ሁሉ ትጋት ከአበባው ጋራ አብሮ ጠውልጎ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ሰው ፈቃዱ ደካማ እንደ ሆነ ቈጥሮ ራሱን ይኰንናል። እኔ ይህን ፍርድ ያለ አግባብ የተፈረደ አድርጌ አየዋለሁ፤ የመጀመሪያው ጉጉት ባሕርዩ ማለፍ ነውና።

ፊሊፓ ላሊ የተባሉት ተመራማሪ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ልማድ መርጠው፣ ማለት ከምሳ ጋራ ፍራፍሬ መብላትን ወይም ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥን የመሰለውን፣ ለ12 ሳምንት ያህል በየቀኑ በተወሰነ አጋጣሚ እንዲፈጽሙ ተደረገ። ልማዱ ያለ ትግልና ያለ ማሰላሰል በራሱ የሚሠራ እስኪሆን ድረስ የተገመተው ጊዜ ለአንዱ 18፣ ለሌላው 254 ቀን ሲሆን፣ መካከለኛው 66 ቀን ሆነ። ይህን ቍጥር ከመስከረም 1 ጀምረን በራሳችን አቈጣጠር ብናሰላው፣ 18ኛው ቀን የመስቀል ማግስት ነው፤ 66ኛው ዘመነ ጽጌ ተፈጽሞ የቁስቋም በዓል የሚውልበት ኅዳር 6 ነው፤ 254ኛው ደግሞ ግንቦት 14 ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ጥቅምት 15 ቀን ተስፋ ቈርጦ የተወ ሰው፣ መካከለኛውን መንገድ ከሦስት እጅ ሁለቱን ከሄደ በኋላ መመለሱ ነው፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ደግሞም በዚያው ጥናት አንድ ቀን ማጓደል የልማዱን መሠረት እንዳላናጋ ታይቷል፤ ብዙዎቻችን ግን አንድ ጥዋት ስለ ቀረን ሁሉን እንተዋለን።

የልማድ ጕልበት ያለው ከምኞት ይልቅ በተወሰነው ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሥራ በአንድ ስፍራ፣ ከአንድ የታወቀ ምልክት ቀጥሎ ሲደጋገም፣ ምልክቱና ሥራው በአእምሮ ውስጥ ይተሳሰሩና፣ ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ራሱ ሰውን ይጠራዋል። አባቶቻችን ጸሎትን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት በሰባት ጊዜያት ሲወስኑ ይህን የሰውን ጠባይ አልዘነጉም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ፣ የሚጾም ሰው ማክሰኞ ጥዋት ተነሥቶ «ዛሬ መጾም አምሮኛልን?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም፤ በቤት ሽሮ ተሠርቷል፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ጎረቤትም ይጾማል፤ ብቻውን ቢሆን ይደክም የነበረውን ፈቃድ ባሕረ ሐሳቡና ማጀቱ፣ ሰፈሩም ጭምር ተሸክመውታል። ጾም ስለ ነፍስ የተሠራ እንጂ ስለ ሥጋ ጤና የታዘዘ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የምናገረው ስለ ሥርዓቱ አጸናን ነው።

የመጀመሪያው ጉጉት ካለፈ በኋላ የሚመጣውን የልብ መሰልቸት መነኮሳት ሀኬት ይሉታል። የመነኮሳት አባት እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሀኬት በጸናበት ጊዜ፣ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞም ተመልሶ ተቀምጦ ሲታታ እንዳየ፣ ያም የእግዚአብሔር መልአክ እንደ ነበረ በአበው ዜና ተጽፏል። በዚህ ታሪክ ልቤን የሚነካው፣ ለዚያ ለደከመ አባት አዲስ የልብ እሳት አለመሰጠቱ፣ የተሰጠውም የሥራና የጸሎት ተራ ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ ማለዳው የእግር ጉዞ ስንመለስ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው፤ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ መከላከያነቱም የታወቀ ነው። ሠላሳው የከበደው ሰው በዐሥር ደቂቃ ይጀምር፤ ሰዓቱን ግን አይለዋውጥ።

እኔ ይህን ጉዞ ሁለት ዓመት በተከታታይ በጥቅምት አቋርጫለሁ። በሦስተኛው ዓመት ጫማዬን ከአልጋዬ ሥር አኑሬ፣ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ደወል በተሰማ ጊዜ እንድነሣ ከራሴ ጋራ ወሰንሁ፤ ያመለጠኝ ቀን ቢኖርም በማግስቱ ያው ደወል ይጠራኝ ነበር። በኅዳር መባቻ አንድ ጥዋት፣ ውርጩ መስኮቱን አልብሶት፣ የመውጣት ምኞት በልቤ ፈጽሞ ሳይኖር ደወሉ ተሰማ፤ ልቤ ገና ሲያመነታ እግሬ በጨለማው ውስጥ ጫማውን አግኝቶት ነበር።