የፒያሳ ሱቅ ዋጋው የማን ነበር?

የፒያሳ ወርቅ ቤት ወርቅ ብቻ አይሸጥም፤ ሙሽሮች ለቀለበት መጀመሪያ የሚያመሩበት ሰፈር መሆኑ ራሱ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ከዞረ ወዲህ የሰፈሩ ብዙ ሱቆች የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆኑ። ተከራዩ በርካሽ ኪራይ ተጠቀመ፤ ለሌላ በውድ ያከራየም አልጠፋም (ደላላ ያውቀዋል)።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊው የፒያሳ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ቤቱ የመንግሥት ከሆነ የግንቡ ካሳ ለተከራይ አይደርስም። ደንበኛውስ? በሃያ ዓመት የተገነባ ደንበኛ ተነቅሎ ሌላ ቦታ አይተከልም።

ዛሬ መሃል ከተማ ሱቅ የሚይዝ ነጋዴ ከኪራዩ በፊት ይዞታው የማን እንደሆነና የሰፈሩን ፕላን ይጠይቅ።